ለሪችመንድ ወንበር ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቨርጂኒያ የምንኖር ሀበሾች በፕሬዝዳንት ምርጫ አንታማም። በአራት ዓመት አንዴ የቤተሰብ ግሩፑ ይታመሳል፣ ቡና ላይ የማይከራከር የለም፣ ከቤት የማይወጡት አያት ሳይቀሩ «ዘንድሮ ማንን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ የሚቀመጠው የስቴቱ ምክር ቤት መቶ ዴሌጌቶች ሲመረጡ ግን ኖቬምበር መጥቶ ማለፉን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ለእኔ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ለፕሬዝዳንት የምንሰጣት አንዲት ድምፅ ከሚሊዮኖች ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች፤ ለዴሌጌት የምንሰጣት ግን ሃያና ሠላሳ ሺህ ሰው በሚመርጥበት ወረዳ ውስጥ ነው የምትቆጠረው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች እኛ ሀበሾች በየዙሩ የምንደጋግማቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የመራጩ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ድምፃችንን ፈልገው የሚመጡት ሰዎች ናቸው። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ስቴት ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መቅረት

ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃዱን ከስቴቱ ዲኤምቪ ያወጣ፣ ልጁን ስቴቱ ፈቃድ በሰጠው ዴይኬር የሚያውል፣ እናቱን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ በሜዲኬድ፣ የሚያሳክም ሰው ነው።

የሜዲኬዱን ነገር እንይ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዋቂዎች በሜዲኬድ እንዲታቀፉ የቀረበውን ሐሳብ የቨርጂኒያ የዴሌጌቶች ምክር ቤት ለዓመታት ሲገፋው ኖሯል። እስከ 2017 ድረስ ምክር ቤቱ ውስጥ 66 ሪፐብሊካንና 34 ዴሞክራት ነበሩ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ምርጫ ተደረገና ቁጥሩ 51 ለ 49 ሆነ። በጥቂቱም ቢሆን የበላይነቱ በሪፐብሊካኖቹ እጅ ቀረ፤ ነገር ግን በርካታ ነባር ተመራጮች ሲወድቁ ያዩት የቀሩት አባላት ልባቸው ተከፈለ። በ2018 ሕጉ አለፈ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ወደ 400,000 ለሚጠጋ ሰው በር ይከፍታል ተብሎ ነበር የተገመተው። ፕሬዝዳንቱም ሆነ ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ በዚያ መሀል አልተቀየረም። የተቀየረው ሪችመንድ ነው።

የሰዓት ክፍያም እንዲሁ ነው። በቨርጂኒያ ዝቅተኛው ክፍያ 7.25 ዶላር ላይ ተቸንክሮ ቆይቶ፣ ምክር ቤቱ በ2020 ባወጣው ሕግ በሜይ 2021 ወደ 9.50፣ በ2022 ወደ 11፣ በ2023 ወደ 12 ዶላር ወጣ። በፓርኪንግ፣ በሆቴልና በነርሲንግ ሆም የሠራ ሰው ይህን በወረቀት ሳይሆን በቼኩ ያውቀዋል። ምክር ቤቱ ወደ 15 ዶላር የሚያደርሰውን ሕግ በ2024ም በ2025ም ሲያሳልፍ በወቅቱ አገረ ገዢ የነበሩት ግሌን ያንግኪን ሁለቱንም ጊዜ ቪቶ አደረጉት። ውሳኔውን የወደደም የጠላም ሰው አለ፤ ውሳኔው የተሰጠበትን ቦታ ግን ሁላችንም ማወቅ አለብን።

የአገር ቤትን ሂሳብ ሪችመንድ ላይ ማወራረድ

ይህኛው ስህተት ስሜት የሚነካ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

በ2021 የኢትዮጵያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ብዙ ሀበሻ በባይደን አስተዳደር ተቆጥቶ ነበር፤ በሌላ ወገን ደግሞ አስተዳደሩ ያደረገው አነሰ ብሎ የተቆጣም ነበር። በቨርጂኒያ ያ ዓመት የአገረ ገዢና የዴሌጌቶች ምርጫ ዓመት ነው። አንዳንድ የማኅበረሰባችን አባላት «ዴሞክራቶቹን እናስተምራቸው» ብለው ለሪፐብሊካኑ ዕጩ በግልጽ ቀሰቀሱ። ምርጫው ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ነበር። በዚያው ቀን ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ሊያስወጡ መሆኑን ለኮንግረስ አሳወቁ፤ በጃንዋሪ 2022ም ወጣች። ማታ ላይ ደግሞ ሪፐብሊካኖች አገረ ገዢነቱን ከነዴሌጌቶች ምክር ቤቱ፣ 52 ለ 48፣ አሸነፉ።

ሪፐብሊካን መምረጥ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። በግብር፣ በትምህርት ቤት፣ በንግድ ፈቃድ ጉዳይ የእነሱ አቋም የሚስማማው ሀበሻ ብዙ ነው፤ በዚያ ተመዝኖ የተሰጠ ድምፅ የደንቡን ሠርቷል። ስህተቱ ለዋይት ሀውስ የታሰበን መልእክት በሪችመንድ አድራሻ መላክ ነው። ዴሌጌት ማዕቀብ አይጥልም፣ ማዕቀብ አያነሳም፣ ስለ አጎዋ አይጠየቅም፣ የወንድምህን ቪዛ ማፋጠን አይችልም። የውሳኔ ሐሳብ ቢያጸድቅ እንኳ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም። አስመራጭ ኮሚቴ ሆነን ዕጩ ስንጠራ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በኢትዮጵያ ጉዳይ አቋምህ ምንድን ነው?» ሲሆን ዕጩው ደስ ይለዋል። ምንም የማያስከፍለው ጥያቄ ነው፤ የፈለግነውን ነግሮን ይሄዳል። «የዴይኬር ፈቃድ ደንቡን እንዴት ታደርገዋለህ? የኡበር ሹፌር ኢንሹራንስስ?» ስንለው ነው ወንበሩ ላይ የሚቁነጠነጠው።

በወንበር ላይ ያለውን ሰው የማይነቀነቅ አድርጎ ማየት

ባለሥልጣን አይወድቅም የሚለውን ሐሳብ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የቨርጂኒያ ዴሌጌት ደመወዝ ግን ለአሥርተ ዓመታት በዓመት 17,640 ዶላር ሆኖ የቆየ ነው፤ የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆነው የሴናተሩ ደግሞ 18,000። የሚበላም ካለ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። አብዛኞቹ ጠበቃ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ ሆነው ሌላ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ ጉባኤው በጃንዋሪ ይጀምርና ባንዱ ዓመት ስልሳ ቀን፣ በሌላው ከዚያ ያነሰ ይቆያል።

ይወድቃሉ ወይ? ይወድቃሉ። ቦብ ማርሻል ከ1992 ጀምሮ በፕሪንስ ዊሊያም አካባቢ ወንበሩን ይዞ የኖረ ሰው ነበር። በ2017 የገጠመችው ዳኒካ ሮም የምትባል የቀድሞ የአካባቢ ጋዜጠኛ ናት። አገሩ ሁሉ ስለ ትራንስጀንደር ማንነቷ ሲያወራ እሷ የምታወራው ስለ ሩት 28 የመኪና መጨናነቅ ነበር። ማርሻል ከእሷ ጋር ፊት ለፊት ለመከራከር ፈቃደኛ አልሆነም። እንደኔ የሃያ አምስት ዓመት ወንበሩን ያሳጣው ይሄ ነው፤ መራጩ በየጠዋቱ ሩት 28 ላይ ተቀርቅሮ ይውላል፣ ስለ መንገዱ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በ2023 ደግሞ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ነባር ሴናተሮች፣ ጆርጅ ባርከርና ቻፕ ፒተርሰን፣ የተሸነፉት በሌላ ፓርቲ ሳይሆን በገዛ ፓርቲያቸው ፕራይመሪ፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ነው። የወረዳ ካርታው እንደ አዲስ ተሰምሮ ነበርና ባርከር ያገኘው አዲስ ወረዳ አብዛኛው ሕዝብ ስሙን ወረቀት ላይ አይቶት የማያውቅ ነበር። በ2021 አሌክሳንድሪያ ላይ ማርክ ሌቪን ለምክትል አገረ ገዢነትም ለዴሌጌት ወንበሩም ባንድ ጊዜ ተወዳደረና ሁለቱንም አጣ። ወንበሩን የወሰደችው የከተማዋ ምክትል ከንቲባ የነበረችው ኤልዛቤት ቤኔት-ፓርከር ናት።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ፤ «ሁሉም ሌባ ነው፣ ይቀየር» ብሎ ነባሩን በጅምላ መጣል። ነባሩ ሰው በጀት ኮሚቴ ውስጥ ዓመታት የቆየ ከሆነ ለወረዳው ገንዘብ የሚያመጣበትን መንገድ ያውቀዋል፤ አዲሱ ሰው ያንን ለመማር ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ለመቀየር በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ስልቸታ ግን ምክንያት አይሆንም።

ፕራይመሪን መዝለል

አጭር ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ወረዳዎች ኖቬምበር ላይ ማን እንደሚያሸንፍ በጁን ይታወቃል። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ውስጥ የዴሞክራት ፕራይመሪን ያሸነፈ በተግባር ወንበሩን ይዟል፤ በደቡብ ምዕራብ የስቴቱ ክፍል ያለው ሪፐብሊካንም እንደዚያው። ፕራይመሪ ላይ የሚወጣው ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ቨርጂኒያ መራጩን በፓርቲ አትመዘግብም፤ የፓርቲ አባል ሳትሆን ከሁለቱ ያንዱን ፕራይመሪ መርጠህ ድምፅ መስጠት ትችላለህ። ኖቬምበር ላይ ብቻ ብቅ የሚል ሀበሻ ሌሎች ከመረጡለት ውስጥ ይመርጣል።

ነጠላ የለበሰን ዕጩ በነጠላው መመዘን

ምርጫ ሲቃረብ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕጩው ወደ በዓላችን ይመጣል፣ አንገቱ ላይ ነጠላ ይጠመጠምለታል፣ «ሰላም! እንዴት ናችሁ?» ይላል፣ እንጀራውን ባስቂኝ አያያዝ ይቆርሳል፣ አዳራሹ በእልልታ ይቀልጣል። ፎቶው ማታ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በዚያ ሁሉ መሀል ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። እንግዳ መቀበል ያኮራናል፣ ልንተወውም አይገባም፤ ግን ቡናው እስኪፈላ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ነባር ከሆነ፣ በየትኛው ኮሚቴ ውስጥ ነው? ያቀረበው ረቂቅ ሕግ የት ደረሰ? «እንዲህ ያለ ሕግ አቅርቤያለሁ» ማለት ብቻውን ብዙ አይደለም። ሪችመንድ ውስጥ በየዓመቱ ከሚቀርበው ረቂቅ ብዙው ጠዋት በማለዳ፣ ጥቂት ሰዎች በተቀመጡበት ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ይሞታል። አንዳንዱ እንዲሞት ታስቦ የሚቀርብ እስኪመስል ድረስ። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የዴሌጌቱን ስም ስትጽፍ ያቀረበው ረቂቅ፣ የድምፅ አሰጣጡ፣ ሳይገኝ የቀረበት ቀን ሁሉ ይወጣል። ልጆቻችን ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ናቸው፤ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው።

ገንዘቡ ደግሞ የቨርጂኒያ ልዩ ነገር ነው። እዚህ ስቴት ለዴሌጌት ወይም ለሴናተር ዕጩ የሚሰጥ የገንዘብ መጠን ጣሪያ የለውም። አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል፤ ግዴታው ማሳወቅ ብቻ ነው። የመብራት ድርጅቱ ዶሚኒዮን ኢነርጂ ከትልልቆቹ ሰጪዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ የመብራት ዋጋን የሚመለከተው ሕግ የሚወጣው ደግሞ እዚያው ምክር ቤት ነው። ማን ለማን ስንት እንደሰጠ የቨርጂኒያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በስም ተዘርዝሮ ይገኛል። ዕጩው ስለ መብራት ቢል ሲያወራ ከመስማትህ በፊት ያንን ገጽ ማየት ብዙ ንግግር ይቆጥብልሃል።

ዕጩዎችም እኛን በተመለከተ የሚሠሩት ስህተት አለ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ መጥተው አንድ «የማኅበረሰብ መሪ» ይፈልጉና በእሱ በኩል ሁሉንም ሀበሻ ያገኙ ይመስላቸዋል። ማንም ሰው የሁላችንንም ድምፅ በኪሱ አልያዘም፤ የያዘ የሚመስል ሰው ካለ ዕጩውን እየሸወደው ነው። በማሽን የተተረጎመ፣ ፊደሉ የተገላበጠ በራሪ ወረቀት የሚበትኑም አሉ። ያንን ወረቀት ሽማግሌዎቹ ይስቁበትና ለመጠቅለያ ያደርጉታል።

ዕጩው የእኛው ሰው ሲሆንስ? ደስ ይላል፣ ለምን አይል። አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 በኔቫዳ ስቴት ምክር ቤት ሲመረጥ ከላስ ቬጋስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጨፍሯል። በ2020 ደግሞ ተመርጦ በጃንዋሪ 2021 ወንበሩን ለቀቀ። ስም ተመሳሳይ መሆኑ ለሌላው የምናቀርበውን ጥያቄ ለእሱ እንድንተው አያደርገንም።

የፖስታ አድራሻን ከወረዳ ጋር ማምታታት

በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሆኖ ፖስታው ላይ «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ የሚጻፍ ሰፈር ብዙ ነው። ሀበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው አፓርትመንቶች ከፊሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። «የአሌክሳንድሪያ ሰው ነኝ» ብሎ የከተማዋን ዕጩ ሲያስተዋውቅ ከርሞ፣ ምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ስሙን ወረቀቱ ላይ ያጣው ሰው ጥቂት አይደለም። «ፎልስ ቸርች» የሚለውም አድራሻ እንደዚያው ነው። ወረዳህን የስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የቤት ቁጥርህን አስገብተህ እይ፤ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዉድብሪጅ ቤት ገዝተህ ከሄድክ ደግሞ አድራሻህን ቀይር።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ይሳሳታሉ። በ2017 ፍሬድሪክስበርግና ስታፎርድ አካባቢ፣ 28ኛው ወረዳ ላይ፣ 147 መራጮች የሌላ ወረዳ ወረቀት ተሰጣቸው። አሸናፊው የበለጠው በ73 ድምፅ ብቻ ነበር። ተሸናፊው ጆሹዋ ኮል ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ወንበሩን አሸነፈ። ወረቀቱ እጅህ ሲገባ ከላይ ያለውን የወረዳ ቁጥር ሳታይ ብዕር አታንሳ።

ተሳስቶ ቀብቶ ወረቀቱ ላይ መሰረዝ

ይኼ ትንሽ የሚመስል ስህተት አንድ ጊዜ የመላውን ስቴት ምክር ቤት ዕጣ ውስጥ ከቶታል። በተናገርኩት በ2017 ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ ላይ በ94ኛው ወረዳ ነባሩ ዴቪድ ያንሲና ተፎካካሪው ሼሊ ሳይመንድስ ተፋጠጡ። መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ መሪ ነበር። ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት ቀረበችላቸው። መራጩ የሁለቱንም ስም ክብ አጥቁሯል፤ በሳይመንድስ ክብ ላይ ደግሞ ሰያፍ መስመር አስምሯል። ሊሰርዝ ፈልጎ ነው? እጁ አምልጦት ነው? ዳኞቹ ሌሎቹን ምርጫዎቹን አይተው ድምፁ የያንሲ ነው አሉ። 11,608 ለ 11,608።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ውስጥ የሁለቱ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ ድሮ የፎቶ ፊልም ይቀመጥበት በነበረ ትንሽ ብልቃጥ ተከቶ፣ ከሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። የወጣው የያንሲ ስም ነው። ዕጣው ለሳይመንድስ ወጥቶ ቢሆን ምክር ቤቱ 50 ለ 50 ይሆን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይመንድስ ያለ ዕጣ አሸነፈችው።

ተሳስተህ ከቀባህ አትሰርዝ፣ አታርም፣ ማብራሪያ አትጻፍ። ወረቀቱን ለአስመራጩ መልስና አዲስ ጠይቅ። ያበላሸኸውን ወስደው ሌላ ይሰጡሃል፤ ማንም አይቆጣህም።

ግሪን ካርድ ይዞ መመዝገብ

ከሁሉም አደገኛው ይኼ ነው። ለስቴት ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ግራ መጋባቱ ግን የሚገባኝ ነው፦ ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፤ ዲሲም በ2024 ለአካባቢ ምርጫ በሩን ከፍታለች። ዘመድ እዚያ መረጠ ተብሎ ቨርጂኒያ ላይ አይሞከርም። ዲኤምቪ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ማሽኑ ላይ «ዜጋ ነህ?» የሚለውን ሳታነብ «አዎ» ብለህ አትለፍ። ያቺ አንዲት ምልክት ከዓመታት በኋላ የዜግነት ማመልከቻህን ልታስከለክል፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ልታስባርር ትችላለች።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት ይችላል። በጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ላይ ያለ ወይም ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ግን አይችልም፤ የፌዴራል ሕጉ ለስቴት ምርጫም ይሠራል። ለቤተ ክርስቲያን እንደምናደርገው ባርኔጣ አዙሮ ከሁሉም መሰብሰብ እዚህ አያዋጣም። በነፃ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ በራሪ መበተን ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

ለእማማ መርጦ መስጠት

የእናታችን የፖስታ ምርጫ ወረቀት ቤት ይመጣል፤ ልጅ ይከፍታል፣ ይሞላል፣ «እማዬ፣ እዚህ ፈርሚ» ይላል። አንዳንዱ ፊርማውንም ራሱ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ወንጀል ነው፣ የመጀመሪያውም እናትን ማሳነስ ነው። እማማ እንግሊዝኛ ማንበብ ካልቻሉ የፌዴራል ሕግ የመረጡትን ሰው ይዘው ገብተው እንዲያነብላቸው ይፈቅዳል፤ የማይፈቀደው ቀጣሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው ብቻ ነው። ጣቢያው ላይ አንድ ፎርም ይሞላል፣ ከዚያ አብራችሁ ትገባላችሁ። ስሞቹን አንብብላቸው፤ ማን ምን እንዳለ ንገራቸው፤ ከዚያ ያሉህን ቀባ። እኔ ካየኋቸው እናቶች ብዙዎቹ ዕጩውን በደንብ ያውቁታል፤ በአዳራሹ እንጀራ ሲቆርስ ያዩት እነሱ ናቸውና።

የምርጫውን ማክሰኞ መጠበቅ

ሹፌር፣ ነርስ፣ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ «ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም። ቨርጂኒያ ውስጥ በአካል ቀድሞ መምረጥ ከምርጫው ዕለት 45 ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ያበቃል፤ ምክንያት አይጠየቅም። በፎቶ መታወቂያ ብቻ አይደለም የሚመረጠው፤ ስምና አድራሻ ያለበት የመብራት ቢልም ይሠራል። የሚቀጥለው ትልቅ ዓመት 2027 ነው፦ መቶውም የዴሌጌት ወንበርና አርባውም የሴናተር ወንበር ባንድ ቀን ለምርጫ ይቀርባሉ፣ ፕራይመሪው ደግሞ በጁን ነው። ማክሰኞ መድረስ የግድ ከሆነ ጣቢያዎቹ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ክፍት ናቸው፤ ልክ 7 ሲል ሰልፉ ላይ የቆምክ ከሆንክ፣ መዝጊያው ቢዘጋም ሳትመርጥ አትመለስም።